ወይዘሪት ሚዩሪየል ሳይነዱ ሲነዱ

በየቤተሰቡ መሪ ሳይጨብጥ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው አይጠፋም። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ እንደ ጋሻ ያቆማል፤ ከዚያ መኪናው ገና ሳይነቃነቅ ቀኝ እግሩ ወለሉን መርገጥ ይጀምራል። እዚያ ፍሬን የለም፤ ምንጣፍ ብቻ ነው። እሱ ግን ይረግጣል። ሠላሳ ዓመት ቢጓዝ ሠላሳ ዓመት ይረግጣል፤ በሰላም በደረሱ ቁጥርም ሁሉንም ያደረሳቸው ያ እግር መሆኑን በልቡ ያውቃል።

የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ክብርት ወይዘሪት ሚዩሪየል ሃክስቢ ናቸው። የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ የዶንካስተር ከተማ ነዋሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ረጅም ቢጫ ካፖርት ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ክብ ሰሌዳ በእንጨት ላይ ተሸክመው ልጆች ሲያሻግሩ ኖረዋል። በነዚያ ዓመታት አንድም ልጅ አልተነካባቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውን ግን ያበላሻል። እጁን ባነሣ ቁጥር አውቶቡስ ሲቆምለት የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ አገሩ በሙሉ ያለ ተቆጣጣሪ የሚነዳ ነው የሚመስለው።

አቭሪል የወንድማቸው የሮይ ሚስት ነበረች። ሮይ ከሞተ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አቭሪል በሃያ ሁለት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ብታወጣም፣ አርባ ዓመት ሙሉ መሪውን የያዘው ሮይ ነበር፤ እሷ ካርታውንና የናና ከረሜላውን ነው የያዘችው። እሱ ካለፈ ወዲህ የምትነዳው እስከ ገበያ አዳራሹና እስከ መቃብሩ ብቻ ሲሆን፣ ያንንም ከፊት የሚመጣውን መኪና አቋርጣ ወደ ቀኝ መታጠፍ የማያስፈልግበትን መንገድ መርጣ ነው። አንድ እሁድ ግን፣ ምሳ ላይ፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ አንድ ነገር ከአፏ ወጣ።

«ኤክስሙርን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «በባቡር እስከ ዴቨን ሄጄ፣ እዚያ መኪና ተከራይቼ።»

ወይዘሪት ሚዩሪየል ሹካቸውን አስቀመጡ። «ለብቻሽ?»

«ለብቻዬ።»

«የቁጥቋጦ አጥሩ የመኪና ጣሪያ በሚያህልበት መንገድ? ከወዲያ የሚመጣው በማይታይበት?»

«አዎ።»

«እኔ ምንም አልልም» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል ድንቻቸውን እየቆረጡ። «ምንም አልልም። አብሬሽ ነው የምሄደው።»

«እኔ ምንም አልልም» ሌላው ሰው «ክቡራትና ክቡራን» እንደሚለው የወይዘሪት ሚዩሪየል የንግግር መክፈቻ ነው። አቭሪል አይሆንም ማለት ነበረባት። የሟች ባሏን እህት አይሆንም የምትልበት አንደበት ግን አልነበራትም፤ እሺ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጉዞው ድረስ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዓይኗን በከደነች ቁጥር ጠባብ መንገድ ይመጣባታል፤ ከፊቷ ግዙፍ መኪና፣ ከጎኗ ሚዩሪየል።

የኪራይ መኪናዋ ቀይ፣ ትንሽ፣ ገና የፋብሪካ ሽታዋ ያልለቀቃት ነበረች። አከራይዋ ሴትዮ ቁልፉን ልታስረክብ ስትወጣ ወይዘሪት ሚዩሪየል ስልካቸውን ይዘው መኪናዋን መዞር ጀመሩ። አርባ ሦስት ፎቶ አነሡ፤ ሦስቱ የራሳቸው አውራ ጣት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው፣ እመቤቴ።»

«አቧራ መሆኑን ጻፊልኝ።»

ሴትዮዋ አቭሪልን አየቻት። አቭሪል ደመናውን አየች። ሴትዮዋ ጻፈች።

«ፍሬኑስ ይሠራል?»

«አዲስ መኪና ናት እኮ!»

«ስለ ዕድሜዋ አልጠየቅኩሽም።»

ከከተማው መውጫ ያለውን አደባባይ አምስት ጊዜ ዞሩት። አቭሪል ሦስተኛውን መውጫ ትፈልጋለች፤ ወይዘሪት ሚዩሪየል ደግሞ በየመውጫው «አሁን አይደለም፣ መኪና አለ!» ይላሉ፤ መኪናው ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሳለ። በአራተኛው ዙር መንገድ ዳር አበባ የሚሸጥ ሰውዬ እጁን አውለበለበላቸው። በአምስተኛው ወጡ። የአቭሪል ሸሚዝ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«ሮይ ቢሆን በሁለተኛው ዙር ይወጣ ነበር» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል። ይህ ሁለተኛው መፈክራቸው ነው። ሮይ በሕይወት ሳለ ስለ አነዳዱ የተነገረለት አንድ በጎ ቃል አልነበረም፤ ከሞተ ወዲህ ግን በእንግሊዝ ምድር እንደሱ ያለ ሾፌር አልበቀለም።

ያረፉት ዊዘርኮምብ በምትባል መንደር፣ ቁርስ በሚያበላ ማረፊያ ቤት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሙሩ፣ ወደዚያ ሰፊ ገላጣ ደጋ ሲወጡ፣ አቭሪል ሁለት ሳምንት ስትፈራው የከረመችው ነገር አንድ ኩርባ ላይ ቆሞ ጠበቃት። በግራም በቀኝም አጥር፣ ከፊት ትራክተር፣ ከትራክተሩ ኋላ ገለባ የተቆለለበት ተጎታች።

ገበሬው ከላይ ሆኖ ባርኔጣውን ነካ አደረገ። «ደህና አደራችሁ! ከኋላችሁ ስልሳ ሜትር ላይ መተላለፊያ አለላችሁ።»

አቭሪል የኋላ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ግማሽ ሜትር ሄዳ ቂጧን ወደ አጥሩ አዞረች። «አልችልም» አለች በሹክሹክታ። «ወደ ኋላ መንዳት አልችልም፣ ሚዩሪየል።»

«አንቺ ቁጭ በይ» አሉና ወረዱ። በትራክተሩ ፊት፣ በመንገዱ መካከል ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«እማማ» አለ ገበሬው «ከኋላዬ ተጎታች አለ። ከተጎታቹ ኋላ ደግሞ ውሻዬ አለች።»

«ውሻዋ ትቅደም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግኩት።»

«እንግዲያማ መንገዱን ከእኛ ይበልጥ ታውቀዋለህ። ወደ ኋላ!»

ሰውዬው እጃቸውን የዘረጉትን ሴት ዓይን ሲያይ የሆነ ነገር፣ ምናልባት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የሚያውቀው ነገር፣ ትዝ አለውና ያንን ሁሉ ገለባ እየገፋ ወደ ኋላ ሄደላቸው። ሲያልፉት ባርኔጣውን ከነአካቴው አውልቆ ነበር።

አቭሪል ስቃ ልትሞት ነው። ግን ከሳቁ ሥር የሚጎረብጥ ነገር ነበር፤ ራሷ ልትሞክረው ትችል ነበር፤ ቢያንስ ቢፈቀድላት። ወይዘሪት ሚዩሪየል ገብተው ቀበቶአቸውን ሁለት ጊዜ ፈተሹ። «እኔ ምንም አልልም፤ ግን ስፖኪዮሽ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው» አሉ።

እንዲህ እየተባለ ተጓዙ። ሙሩ በሐምራዊ አበባ ተለብጦ እስከ ባሕሩ ተዘርግቷል ይባላል፤ አቭሪል አላየችውም። ያየችው በወይዘሪት ሚዩሪየል አፍ በኩል የመጣላትን ብቻ ነው።

«በግ!»

«አየሁት።»

«ሌላ በግ!»

«አየሁት።»

«እሱ ደግሞ ፊቱን አልወደድኩትም። የሚዘል ዓይነት ነው።»

የባሕሩ ገጽ የሚታይበት ሜዳ ላይ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ስበው ፈተሹ፤ አልበቃቸውም፣ ድንጋይ ፈልገው ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ አደረጉ። ሜዳው ግን ለጥ ያለ ነበር፤ ብርቱካን ቢያስቀምጡበት የማይንከባለል። በሻይ ቤቱ ደግሞ፣ አቭሪል በዴቨን ወግ ክሬሙን አስቀድማ ማርማላታውን ከላይ ስትደርብ፣ ጎናቸው ለተቀመጡት ለማያውቋቸው ባልና ሚስት «እሷ ናት የምትነዳው» አሉ፤ አንድ ሰው ስለ ታመመ ዘመዱ በሚናገርበት ድምፅ። ባልና ሚስቱ አቭሪልን በሐዘኔታ አዩዋት። አቭሪል ዳቦዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ዳገቱ መጣ። ከባሕሩ ዳር ሽቅብ እንደ ግድግዳ የሚወጣ፣ ግርጌው ላይ «በአነስተኛ ማርሽ ይንዱ» የሚል ሰሌዳ የተተከለበት። አቭሪል ሌሊቱን በልቧ ስታጠናው አድራለች፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ፣ ነዳጅ ሳትቀንስ። ግማሹን በደህና ወጣችው። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ አንዴ ተንገጫገጨና ጠፋ።

ከኋላ ሦስት መኪና አለ።

«ፍሬን!» ጮኹ ወይዘሪት ሚዩሪየል። «የእጅ ፍሬን! ማርሽ! አንደኛ! ኧረ አንደኛ አልኩ! ፍሪሲዮኑን! ወደ ኋላ እየሄድን ነው! ሮይ ቢሆን...»

«ሮይ!» አለች አቭሪል። ድምፁ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። «ሮይ ባለ ሁለት በር መኪና ለምን እንደገዛ ያውቃሉ? ያውቃሉ? ጉልበትዎ ከኋላ መግባት እንደማይችል አውቆ ነው! በየእሁዱ እርስዎን ላለመጫን ነው! ዝም ይበሉ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይቀመጡ!»

ወይዘሪት ሚዩሪየል አፋቸውን ከደኑ። የቦርሳቸውንም ዚፕ ዘጉ። አቭሪል ሞተሩን አስነሣች፤ መኪናዋም በአንደኛ ማርሽ እያጓራች እስከ ጫፍ ወጣች። ከላይ ባሕሩ ተንጣልሎ፣ ማዶ የዌልስ ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይናገር አየችው። ምንም አልጣማትም።

ማታ ወይዘሪት ሚዩሪየል ሾርባቸውን ግማሽ አድርሰው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አቭሪል ከግድግዳው ወዲህ ሆና ይቅርታ የምትልበትን ቃል ስታወጣና ስታወርድ ቆየች። ጠዋት ቁርስ ላይ «ሚዩሪየል፣ ትናንት...» ብላ ጀመረች።

«ወተቱን አቀብዪኝ» አሉ።

አቀበለቻቸው። በዚያው ቀረ።

ያን ቀን የሚሄዱት ከሙሩ ማዶ፣ ወንዝ ላይ የተዘረጋውን የጥንት የድንጋይ ድልድይ ሊያዩ ነበር። ወይዘሪት ሚዩሪየል ገቡ፤ ቀበቶአቸውን አንድ ጊዜ ብቻ አሰሩ። መኪናዋ ተነሣች። ከመንደሩ ወጡ። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ፤ ዝም። ሁለተኛው አለፈ፤ ዝም። አቭሪል የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች እንደ በዓል ቆጠረቻቸው። አጥሩ ላይ የተጠመጠመውን አበባ አየች። ከሜዳው መሐል ቀና ብለው የሚመለከቷትን የዱር ፈረሶች አየች። «ይሄ ነው እንግዲህ ጉዞ ማለት!» አለች ለራሷ።

ከዚያ ፀጥታው መክበድ ጀመረ። በግ በመንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ዞራ አለፈችው፤ ማንም «በግ» አላለም። ተናደዋል፣ አለች አቭሪል በልቧ። አኩርፈዋል። መብታቸው ነው። አንድ ኩርባ ሆን ብላ ትንሽ ፈጠን አድርጋ ዞረችው፤ እንደ ልጅ፣ ቁጣ ፍለጋ። ምንም። ዓይኗ ወደ ወለሉ ሄደ። የወይዘሪት ሚዩሪየል ቀኝ እግር አይረግጥም። ዝም ብሎ ተኝቷል።

መኪናዋን አቁማ ዞረች። የወይዘሪት ሚዩሪየል ፊት አመድ መስሏል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አቅፈዋል።

«ሚዩሪየል! ምን ሆነዋል?»

«ምንም አይደለም። ከትናንት ወዲያ የበላሁት ክሬም ነው መሰለኝ። ደረቴ ላይ ተቀምጧል። መንጋጋዬም...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመንደሩ ስንወጣ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ወይዘሪት ሚዩሪየል ቀስ ብለው ዞረው አዩዋት። በቃላቸው ቂም አልነበረበትም፤ ሰዓት የተጠየቀ ሰው እንደሚመልሰው ነው የመለሱት።

«ዝም በሉ አልሽኝ» አሉ።

አቭሪል ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ከጉብታው ጫፍ እስክትደርስ ነዳች፤ አንድ ቀጭን መስመር ታየ። የድንገተኛ አደጋውን ቁጥር ደወለች። ከወዲያ የመለሰችው ሴት ድምፅ የረጋ ነበር፤ አቭሪል ያንን እርጋታ ልትነክሰው ቃጣት።

«አስፕሪን አላችሁ?»

ከወይዘሪት ሚዩሪየል ቦርሳ ውስጥ ፊሽካ ወጣ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ ወጣ፣ ገመድ ወጣ፤ በመጨረሻም ሁለት የክኒን ዕቃ። አንዱ ላይ «ራስ ምታት፣ የኔ» የሚል ተጽፎበታል፤ ሌላው ላይ «ራስ ምታት፣ የሰው»።

«ከየትኛው?» አለች አቭሪል እንባዋ እየመጣ።

«‹የሰው› ከሚለው። እሱ አስፕሪን ነው።»

«አንዱን ያኝኩት፣ አይዋጡት» አለች ሴትዮዋ በስልኩ። «አሁን ይስሙኝ። አምቡላንሱ ከባሕሩ ወገን ተነሥቷል። እናንተ ያላችሁበት መንገድ ግን ለትልቅ መኪና አይመችም፤ ጊዜ ይበላል። አራት ማይል ወደታች ዋናው መንገድ አለ፤ መስቀለኛው ላይ መጠጥ ቤት አለ። እዚያ ያገኟችኋል። መንዳት ይችላሉ?»

አቭሪል መሪውን አየች። ባዶውን መንገድ፣ ሁለቱን አጥሮች አየች።

«እችላለሁ» አለች።

ቁልቁለቱን ወረደችው። አንድ ማይል፣ ሁለት ማይል። አጥሩ እየጠበበ፣ ቅጠሉ የመኪናዋን ጎን በጥፊ እየመታ። ከጎኗ አጭር አጭር ትንፋሽ ይሰማታል፤ እሱን እያዳመጠች ነው የምትነዳው፤ ሲቆራረጥ የሷም ይቆራረጣል። ከዚያ ኩርባውን ስትዞር፣ ከፊቷ ቤት የሚያህል ነጭ የሽርሽር መኪና። ከሱ ኋላ ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ። መሪው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ማለት እንደማይችሉ አሳዩዋት።

ወርዳ ለማስረዳት ጊዜ የለም። መተላለፊያው ከኋላዋ ነው፤ አልፋ ስትመጣ ታስታውሰዋለች፤ የከብት በር፣ ምናልባት መቶ ሜትር። የኋላ ማርሽ አስገባች። በቀኟ ስፖኪዮ አጥር፣ በኋላ መስታወቷም አጥር። በግራዋ ያለውን ማየት አልቻለችም፤ ወይዘሪት ሚዩሪየል ወደዚያ ተጋድመው ጋርደዋታል።

«ሚዩሪየል!» ጮኸች። «ተናገሪ! የግራውን መስታወት እይልኝ! ዝም እንዳትይ፣ ሰማሽኝ? ዝም እንዳትይኝ!»

የወይዘሪት ሚዩሪየል ዓይን ተከፈተ። ወደ መስታወቱ ዞረ። ከንፈራቸውን ሁለት ጊዜ አላወሱ።

«ሂጂ» አሉ። «ቀጥ ብለሽ። ቀጥ። ትንሽ ወደ ቀኝ። በዛ። መልሺው። እንዲያ... አሁን ሂጂ...»

መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። አጥሩ የቀኙን ጎን ከፊት እስከ ኋላ እየፋቀ ሲያፏጭ ሁለቱም አልሰሙትም።

«ቆይ። ድንጋይ አለ። አሁን። በሩ መጣ። አጥፊው፣ አጥፊው፣ ሙሉ አጥፊው... በቃ።»

ገቡ። ነጩ መኪና አለፈ፤ የተከተሉት አለፉ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አመሰገኑ፤ ያየቻቸው የለም። አቭሪል ነዳጅ ሰጥታ ወጥታለች።

«አትቁሚ፣ ተናገሪ» አለች። «እየፈጠንኩ ነው? በይ፣ ፈጠንሽ በይኝ!»

«ሃምሳ ነሽ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «መንገዱ አርባ ነው።»

«እሺ! ሌላስ? ሌላስ ምን አጠፋሁ?»

«ፍሬቻሽ... በርቶ ቀርቷል።»

«ጎሽ! ሌላ!»

መልስ የለም። አቭሪል ባንድ ዓይኗ አየች፤ ወይዘሪት ሚዩሪየል ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ሚዩሪየል!»

«በግ» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል።

«የት አለ? የታል?»

«እኔ እንጃ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው። መኖሩ ግን አይቀርም።»

አቭሪል እየሳቀችና እያለቀሰች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ቀሪውን ወረደች። በየመሐሉ «አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» ይሏታል። «አለሽ?» «አለሁ፣ ወደፊት እዪ።» መጠጥ ቤቱ ታየ፤ ከበሩ ላይ ቢጫና አረንጓዴው አምቡላንስ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሮጡ። ወይዘሪት ሚዩሪየል ሲጫኑ ለአምቡላንሱ ሾፌር አንድ ነገር ሲነግሩት አየች፤ ሰውዬው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

አቭሪል በትንሿ መኪና ተከተለች። እስከ ከተማው ሆስፒታል አርባ ደቂቃ። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ፊሽካውና ገመዱ ብቻ ተቀምጠዋል። አንድ ቦታ ላይ፣ ጮክ ብላ «ኩርባ» ስትል ራሷን ሰማች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀች። በዚያ ሁሉ ጊዜ በጆሮዋ የሚጮኸው የዳገቱ ላይ ንግግሯ ነበር። ባለ ሁለት በሩን መኪና ለምን አነሣሁት? እውነት ከሆነስ፣ እውነት ሁሉ ይነገራል? ሐኪሟ መጥታ ከጎኗ ስትቀመጥ አቭሪል ተነሥታ ቆመች፤ ክፉ ወሬ ቁጭ ተብሎ ነው የሚነገረው ብላ ታምናለች።

«አንዷ የልብ ደም ሥር ተዘግታ ነበር» አለች ሐኪሟ። «ከፍተናታል። ደህና ናቸው። ግን በጊዜ ነው የደረሳችሁ፤ ዘግይታችሁ ቢሆን የምነግርዎ ሌላ ነገር ነበር።» ከዚያ ትንሽ አመነታች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ድረስ አልጋቸውን የሚገፋውን ሰው በየመታጠፊያው ‹ቀስ በል› ሲሉት ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ሁልጊዜ» አለች አቭሪል፤ ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ አስገቧት። ወይዘሪት ሚዩሪየል በነጭ ትራስ ላይ አንሰው፣ እጃቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ተኝተዋል። አቭሪል የአልጋው ግርጌ ቆመች፤ ኮታቸውን ታቅፋለች። ይቅርታዋን ልትጀምር ስትል አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ ገባች።

«የቅርብ ዘመድ?»

«ወንድም ነበረኝ» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል። «ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። ሌላስ? ልጅ? እህት?»

አቭሪል ኮቱን አጣጠፈች። ባል ሲሞት የባል እህት ምን ሆና እንደምትቀር፣ ቅጹም ለዚህ ዝምድና ስም ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ልትወጣ አሰበች።

«እሷ ናት» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ምንዎ ናቸው?»

«ሾፌሬ ናት።»

ነርሷ ሳቀች። «እዚህ ላይ ሾፌር ብዬ መጻፍ አልችልም፣ የኔ እናት። ‹ዘመድ› ነው የሚለው።»

«ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሪት ሚዩሪየል። ለመናገር እረፍት እየወሰዱ ነው። «ሰባ አራት ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ተሳፍሬአለሁ። በአባቴ፣ በወንድሜ፣ በአውቶቡስ። ዓይኔን ጨፍኜ የተቀመጥኩበት ሰው አልነበረም። ዛሬ ጨፈንኩ።»

«ታመሽ ስለነበረ ነዋ!» አለች አቭሪል።

«ታምሜ አይደለም። እንደምታደርሺኝ አውቄ ነው።» ወደ ነርሷ ዞሩ። «ጻፊው። ሾፌር። ቦታ ከተረፈሽ ‹ጎበዝ› ብለሽ ጨምሪበት።»

ነርሷ ብዕሯን ይዛ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አይታወቅም። «እሺ፣ ሾፌር» አለች ለአቭሪል «ስልክ ቁጥርዎን ይስጡኝ።»

አቭሪል ቁጥሯን ጀመረች፤ ተሳሳተች። ሁለተኛ ጀመረች፤ መሐል ላይ እንባዋ ቀደማት። ሦስተኛውን እንኳ አልሞከረችውም። ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ አንድ በአንድ የጠሩላት ወይዘሪት ሚዩሪየል ነበሩ።